ወደ ሃና ሁለት ጊዜ ወጣን፣ አንድ ጊዜ ደረስን

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ቤተሰባችን ማዊ ሄዶ ነበር። ማዊ ከሃዋይ ደሴቶች በስፋት ሁለተኛዋ ናት። አራት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ8 ዓመት ልጃችንና ልትጠይቀን ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ። ሰባት ቀን ዕረፍት ነበረን። ያሰብነው ዘና ያለ የመኪና ጉዞ ነበር። ፏፏቴ እናያለን፣ ጥቁር አሸዋ እንረግጣለን፣ እማዬን ባሕር ዳር አስቀምጠን እናጫውታታለን።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴን ጎርፍ ሊወስድብኝ ምንም አልቀረውም።

ይህንን የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። መንገዱ በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ያምራል። ሁለተኛ ሄደን አይተነዋል፣ ደግሜም እሄዳለሁ። ግን እኛ ሳናውቅ የገባንበትን ነገር እናንተ አውቃችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ ልንገራችሁ። የሃና መንገድ ይባላል። ካሁሉዊ ከምትባል ከተማ ተነስቶ የደሴቷን ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ እየታከከ ሃና የምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ርቀቱ 52 ማይል ነው፤ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወደ 620 የሚጠጉ ኩርባዎችና 59 ድልድዮች አሉበት። ከድልድዮቹ 46ቱ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፉት። በአንድ በኩል ገደልና ባሕር፣ በሌላ በኩል ጫካ የለበሰ ተራራ ነው። መንገዱ እስከ ሃና የተዳረሰው እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሆን ስፋቱም የዚያን ዘመን ያስታውሳል። በብዙው ቦታ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 25 ማይል ነው፤ ኩርባና ድልድይ ላይ ከዚያም ይወርዳል። የትም ሳይቆሙ ቢነዱት ራሱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ደግሞ ሳይቆም የሚያልፍ ማን አለ?

እማዬ የከተማዋን ስም ስትሰማ ፊቷ በራ። "የእመቤታችን እናት ስም እኮ ነው" አለች። በሃዋይ ቋንቋ ሌላ ነገር እንደሆነ ብነግራትም አልሰማችኝም። ከደረስን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት "ወደ ሐና መቼ ነው የምንሄደው?" ትለን ነበር።

ስህተታችን የጀመረው ገና ሳንነሳ ነው። ባለቤቴ ስልኩ ላይ 14 መቆሚያዎች መዝግቦ ነበር። ሁሉንም በአንድ ቀን አይተን ማታ ኪሄይ ወደሚገኘው ማረፊያችን ልንመለስ ነው። እስቲ ደምሩት። በየቦታው ግማሽ ሰዓት ብቻ ብንቆም 7 ሰዓት ይሆናል። ከኪሄይ ደርሶ መልስ መንዳቱ ሌላ 6 ሰዓት ነው። በመጋቢት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ይህንን ቁጭ ብሎ የደመረ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ልንነሳ ተስማምተን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ልጄ ፓንኬክ በሽሮፕ በልታ፣ ላዩ ላይ ወተት ጠጥታበት ነበር። መኪናችን ደግሞ ባለ ሰባት መቀመጫ ነው። እማዬ ትመቻት ብለን የተከራየናት መኪና በዚያ ጠባብ መንገድ መከራችንን አሳየችን። ፓያ የምትባለው ከተማ ላይ ነዳጅ መቅዳት ነበረብን። ከፓያ እስከ ሃና ሌላ ማደያ የለም። እኛ ግን ወረፋውን አይተን "ግማሽ ታንክ አለን፣ ይበቃል" ብለን አለፍን። ስልካችን ላይ ካርታውን አላወረድንም። ትንሽ እንደሄድን ኔትወርኩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ሰዓት አልተመለሰም።

ልጄ ማስመለስ የጀመረችው ኩርባው በደንብ በገባ በ20 ደቂቃ ውስጥ ነው። ከኋላ ተቀምጣ ታብሌት እያየች ነበር። ዝም እንድትልልን የሰጠናት እኛው ነን። ልብ በሉ፣ በዚህ መንገድ ላይ ልጅ እጅ ላይ ስክሪን አትስጡ። ዓይኗ ከስክሪኑ ላይ ተተክሎ ሰውነቷ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ነው ነገሩ የሚብሰው። ዓይን ሩቅ ማየት አለበት። ቁርስ ቀለል ያለና ደረቅ ይሁን። የጉዞ ማቅለሽለሽ የሚያስቀር ክኒን ካስፈለገ ደግሞ የሚዋጠው ከመነሳት በፊት ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ለልጅ ግን መጠኑን ሐኪም ወይም ፋርማሲ ጠይቁ። እኛ ይህንን ሁሉ ያወቅነው ልብሷን መንገድ ዳር እየቀየርን ነው።

ሌላ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። እኛ ቀስ እያልን እይታውን ስናደንቅ ከኋላችን ስድስት ሰባት መኪና ተሰልፎ ነበር። አንዱ ጥሩምባ ነፋብን። እኔም "ምን ያስቸኩለዋል፣ ዕረፍት ላይ አይደለም እንዴ?" አልኩ። ሰውየው ዕረፍት ላይ አልነበረም። ያ መንገድ የሃና ሰዎች ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሐኪም የሚሄዱበት መንገዳቸው ነው። ከኋላችሁ መኪና ካያችሁ የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት። በጠባቡ ድልድይ ላይ ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ያልፋል፤ ሰልፍ ካለ ከአንድ ወገን ከአምስት እስከ ሰባት መኪና አልፎ ለሌላው ወገን ይለቀቃል። መኪና አታቁሙ የሚል ምልክት ካለበት ቦታ ለፎቶ ብላችሁ እንዳትቆሙ፤ ቅጣቱ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ካፑ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ክልክል ነው ማለት ነው። የሰው ግቢ ወይም የተከበረ ቦታ ስለሚሆን አትግቡ።

ከዝርዝራችን ሁለቱን ብቻ እንዳየን ቀኑ ተጋመሰ። ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ አንድ ፏፏቴ አለ። ቦታውን በስም አልጠራውም፤ ነገሩ የዚያ ቦታ ብቻ አይደለም። በዚያ ጠረፍ ያለ ወንዝ ሁሉ እንዲሁ ነው።

ፀሐይ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከፏፏቴው ስር የተጠራቀመው ውሃ ከጥራቱ የተነሳ ጠጠሩ ይቆጠራል። ውሃው ከዚያ ወጥቶ በድንጋዮች መካከል ወደ ታች ይፈሳል። ጥልቀቱ ከቁርጭምጭሚት ብዙም አይበልጥም። ሰዎች ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ወዲያ ማዶ ይሻገራሉ። ባለቤቴም ከፏፏቴው ጋር ፎቶ ሊያነሳን ተሻገረ። እኔና ልጄ ወዲህ ዳር ላይ እስከ ጉልበታችን ገብተን ቆምን። ልጄ ማቅለሽለሹ ለቋት ትስቅ ነበር። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

"የውሃው ድምፅ ተለወጠ" አለች።

ሰምቻታለሁ። ግን ምንም አልመሰለኝም። ፏፏቴ ነው፣ ይጮኻል።

ትንሽ ቆይታ እንደገና ጮኸች። "ኧረ ቀለሙን እዩት!" ጎንበስ ስል እግሬ አይታየኝም። ቅድም ጠጠሩ ይቆጠር የነበረው ውሃ ሻይ መስሏል። ቅጠልና ጭራሮ እየተንሳፈፈ መጣ። እማዬ "ውጡ! ውጡ!" አለች፤ በዚያ ድምፅ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። የልጄን ክንድ ይዤ ጎተትኳት። ሦስት ወይም አራት እርምጃ ብንራመድ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ውሃው ጭኔ ደረሰ። እማዬ እጇን ሰደደችልኝ። ልጄ ድንጋዩ ላይ ስትወጣ ጉልበቷ ተላጠ።

ዞር ስል ባለቤቴ የተሻገረባቸው ድንጋዮች የሉም። ቦታው ላይ ቡናማ ውሃ እየተንተከተከ ይሮጣል። እሱ ማዶ ላይ ስልኩን እንደያዘ ቆሟል። ከዚያ አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ አስገባ። ወደ እኛ ሊመጣ ነው።

አጠገባችን የነበሩ ጠና ያሉ የአካባቢው ሰው ዘለው ተነሡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው "እዚያው ሁን! አትሻገር! ወደ ላይ ውጣ!" ብለው ጮኹ። ባለቤቴ ቃሉን አልሰማም፤ እጃቸውን ግን አየ። እግሩን መለሰ። ትንሽ ቆይቶ የሰው ወገብ የሚያክል ግንድ እሱ ሊረግጥ በነበረበት ቦታ አለፈ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጠበቅን። እሱ ማዶ፣ እኛ ወዲህ። በመካከላችን ያለው ርቀት ከአንድ ክፍል ቤት ርዝመት አይበልጥም። ጩኸቱ ግን ድምፅ አያሰማም። በእጅ ብቻ እንነጋገራለን። ስልክ አይሠራም። ልጄ "አባዬ ለምን አይመጣም?" ትላለች። እማዬ ኪዳነ ምሕረትን ትጠራለች።

ሰውየው እስከ መጨረሻው አብረውን ተቀመጡ። ሰማዩን እያሳየኋቸው "ዝናብ እኮ የለም" አልኳቸው። እሳቸው ግን ወደ ሰማይ አላዩም። በአገጫቸው ወደ ተራራው ጠቆሙኝ። የተራራው አናት በጥቁር ደመና ተሸፍኗል። ከእኛ በስተላይ ያለው ሃሌአካላ ነው፤ ቁመቱ 3,055 ሜትር። ከውቅያኖሱ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበቱን ተሸክሞ በዚህ ወገን ተዳፋት ላይ ያራግፈዋል። እኛ ታች ፀሐይ እየሞቅን ላይ ይዘንባል። ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ያ ውሃ ታች እስኪደርስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

አንድ ቃልም አስተማሩኝ። የደሴቶቹ ሰዎች አቅጣጫ ሲናገሩ ወደ ተራራው ከሆነ ማውካ፣ ወደ ባሕሩ ከሆነ ማካይ ይላሉ። "ወንዝ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ማውካ እይ" አሉኝ። ተራራው ላይ ደመና ከከበደ አለመግባት ነው። ገብታችሁ ሳለ ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት መምጣት ከጀመረ፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ትንሽም ብትሆን ከፍ ካለ፣ ዕቃችሁን ለመልቀም እንኳ አትቆዩ። ውጡ። ወጥታችሁም ወደ ከፍታ ሂዱ። ማዶ የቀረ ሰው ካለ ደግሞ እዚያው ይቆይ። የሚሞተው ሰው ብዙ ጊዜ ሊሻገር የሚሞክረው ነው። ጉልበት ላይ የደረሰ የሚሮጥ ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ጎርፉ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፤ ሰው ግን መታገስ አይችልም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ሁሌም ስለ ሰው ነው የሚባለው። ተንኮለኛ ጓደኛ ሲመጣ፣ ጣፋጭ ምላስ ሲያታልል። ስለ ውሃው ራሱ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ልጄ ስትስቅ ነበር እኮ።

ውሃው ሲጎድል ወዲያው አልተሻገረም። ሰውየው ድንጋዮቹ በደንብ እስኪታዩ አስጠበቁት። ከዚያ የት እንደሚረግጥ በእጃቸው እያሳዩ መጨረሻ ላይ ክንዱን ይዘው አወጡት። ገንዘብ ልንሰጣቸው ስንል ፊታቸው ተቀየረ። "ስትነዱ ከኋላችሁ ሰው ካለ ቁሙና አሳልፉ" ብቻ አሉን። በጥሩምባው የተናደድኩት ሰው ትዝ አለኝና መሬት መሬት አየሁ።

ሰዓቱ ወደ 10 ሆኗል። ባለቤቴ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን አንስቶ "እንግዲህ ሃና ደርሰን እንመለስ፣ ግማሽ መንገድ መጥተናል" አለ። አትፍረዱበት። ሰው ሲደነግጥ የያዘውን ዕቅድ የሙጥኝ ይላል። እኔም ልስማማ ነበር። ነዳጃችን ከሩብ በላይ ብዙም አይደለም፣ ሃና ማረፊያ የለንም፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ይጨልማል። ያቆመችን እማዬ ናት። "እኔ ባሕሩን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል። አሁን ልጆቼን ይዤ ልግባ" አለች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መኪናውን አዞርነው። እኔ ነዳሁ። ከኋላችን መኪና በመጣ ቁጥር ዳር ያዝኩ።

ከዚያ ቀን የወሰድኩት አንድ ልማድ አለ። ከቤት ሳንወጣ የመመለሻ ሰዓት እንቆርጣለን። ሰዓቱ ሲደርስ የትም እንሁን የት እንዞራለን። ሲደክማችሁና ስትደነግጡ የምትወስኑት ነገር ጥሩ አይሆንምና ጠዋት ቡናችሁን እየጠጣችሁ ወስኑት።

ማታ ልጄ ጉልበት ላይ ያለውን ቁስል በሳሙና በደንብ አጠብኩና ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። በሃዋይ የወንዝና የኩሬ ውሃ ውስጥ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ይገኛል፤ በተላጠና በቆሰለ ቆዳ በኩል ይገባል። ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም የጡንቻ ሕመም ቢመጣ ቶሎ አምጪያት፣ ወንዝ እንደገባችም ንገሪን አሉኝ። ምልክቱ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ወር ሙሉ ግንባሯን ስዳስስ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነችም። ቁስል ካለባችሁ ግን ፏፏቴውን ከዳር ሆናችሁ ብታዩት ይሻላል። ከዝናብ በኋላ የደፈረሰ ባሕር ውስጥም አትግቡ፤ ጎርፉ ከመሬት የጠረገውን ሁሉ የሚደፋው እዚያ ነው።

ባለቤቴ ሁለት ቀን ስለዚያ ነገር አላወራም። በሁለተኛው ቀን ምሽት ግን ራሱ አነሳው። "ፈርቼ ከሄድኩ ሁሌም ያ ውሃ ነው የማየው። በደንብ እንሂድ" አለ። በደንብ ማለት ምን እንደሆነ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። 14ቱን ቦታዎች ሰርዘን ሦስት ብቻ አስቀረን። ኪሄይ የከፈልንበትን አንድ ሌሊት ትተን ሃና ውስጥ አንድ ሌሊት ያዝን። ውድ ነበር፣ አልዋሽም። ግን በዚያ ጉዞ ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ የማይቆጨኝ እሱ ነው። አቅም ካላችሁ ከሌላ ነገር ቀንሳችሁ ሃና ደርሳችሁ እደሩ። ካልሆነ ደግሞ እስከ መንገዱ አጋማሽ ሄዳችሁ ተመለሱ። እሱም ሙሉ ጉዞ ነው።

በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ነበርን። የአየር ትንበያውን አየን፤ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ካርታውን ስልካችን ላይ አውርደናል። ፓያ ላይ ታንኩን ሞላን። ልጄ ደረቅ ብስኩትና ትንሽ ውሃ ብቻ ቀምሳ፣ ክኒኗን ቀደም ብላ ውጣ፣ መስኮቱን ከፍተን ሩቅ ሩቅ እያየች ሄደች። ጨዋታ ፈጠርንላት፤ ድልድይ መቁጠር። 31 ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

የመጀመሪያ መቆሚያችን ኬአናኤ ነበር። ከመንገዱ ወደ ባሕሩ የምትወርድ ትንሽ መሬት ናት፤ ጥንት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የሠራት። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ማዕበሉ ሲሰበር ነጭ ይሆናል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1860 የተሠራች ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለች። እ.ኤ.አ. በ1946 ሱናሚ መንደሯን ጠራርጎ ሲወስድ የቀረችው እሷ ናት። እማዬ ይህንን ስነግራት ደጇ ላይ ሄዳ ረጅም ጊዜ ቆመች። ስትመለስ ግን ሌላ ነገር አይታ ነበር። "ያ እኮ ጎደሬ ነው!" አለች። እውነቷን ነው። በውሃ በተሞሉ መደቦች ላይ የተተከለው ሰፊ ቅጠል ጎደሬ ነው። ታሮ ይሉታል፤ ሥሩን ቀቅለውና ፈጭተው የሚበሉት የጥንት ምግባቸው ነው። እማዬ በዚያች ሰዓት ደሴቷን ለመደቻት። ከዚያ ትኩስ የሙዝ ዳቦ ገዝተን ባሕሩን እያየን በላን። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ማንም ሰዓቱን አላየም።

ሁለተኛው ዋይአናፓናፓ ነበር፤ ጥቁር አሸዋ ያለበት መናፈሻ። ልብ በሉ፣ የሃዋይ ነዋሪ ያልሆነ ሰው እዚህ ለመግባት ቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ አለበት። ምዝገባው ከ30 ቀን በፊት ይከፈታል። በዕለቱ በር ላይ ሄዶ መግዛት አይቻልም። ለሰው 5 ዶላር፣ ለመኪናው 10 ዶላር ከፈልን። በመጀመሪያው ቀን ብንደርስ ኖሮ ምዝገባ ስላልነበረን ይመልሱን ነበር። አሸዋው ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል፤ ጫማ አታውልቁ። ባሕሩም ሞገዱ ኃይለኛ ስለሆነ እኛ እግራችንን ብቻ ነው ያስነካነው።

ሃና ቀን ቀን በጎብኚ መኪና ትሞላለች። ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ሁሉም እየቸኮለ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ጸጥ ይላል። እማዬ በረንዳ ላይ ተቀምጣ "ሐና ደረስን" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

በማግስቱ ጠዋት ከሃና አልፈን ኪፓሁሉ ሄድን። የሃሌአካላ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሲሆን ለሦስት ቀን ያገለግላል። የኦሄኦ ገንዳዎች እዚያ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ስር ተደርድረው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። መዋኘት ተከልክሏል። ምክንያቱን ያወቅነው ዋጋ ከፍለን ነው። አንዳንድ ሰው አጥሩ ላይ ቆሞ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ባለቤቴ ገንዳዎቹን ከላይ ሆኖ ብዙ ጊዜ አያቸው። ከዚያ የልጄን እጅ ይዞ ወደ ቀርከሃው ጫካ ወጡ። መንገዱ ደርሶ መልስ 4 ማይል ነው፤ እነሱ ግማሹን ብቻ ሄደው ተመለሱ። ማንም ጨርሱ አላላቸውም።

ከኪፓሁሉ ወዲያ ደሴቷን ዞሮ የሚሄድ ሌላ መንገድ አለ። ጠባብ ነው፤ አስፋልቱም በቦታ በቦታው የተበላሸ ነው። አንዳንድ የኪራይ ውሎች በዚያ መንገድ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አይወስዱም። ውላችሁን አንብቡ። እኛ በመጣንበት ተመለስን።

ስንመለስ ያ ወንዝ ያለበት ድልድይ ጋ ደረስን። ባለቤቴ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ያዘ። ሞተሩን አላጠፋም። እማዬ ከፊት ወንበር ሆና ወደ ተራራው አየች፤ ደመናው ዝቅ ብሎ ከብዷል። ከእኛ ማንም በር አልከፈተም። ከኋላችን አንድ አሮጌ ፒክአፕ መጣ። አሳለፍነው። ሹፌሩ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ አወዛወዘልን፤ የደሴቶቹ ሰላምታና ምስጋና ነው። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ጣቶቿን እያስተካከለች መለሰችለት።